የግዢ አካውንትና የሐሰት መልእክት፦ ከደብረ ማርቆስና ከአካባቢዋ አንጻር የቀረበ ዳሰሳ

የኦንላይን ግዢ አካውንት ሲሰረቅ ብዙውን ጊዜ ቁልፉን ለሌባው የሚያስረክበው ባለቤቱ ራሱ ነው። ሌባው የታወቀ መደብር፣ ባንክ ወይም የቴሌኮም ድርጅት መስሎ ይጽፋል፤ የተጻፈለት ሰው ደንግጦ ወይም ደስ ብሎት የይለፍ ቃሉን፣ የሚስጥር ቁጥሩን ወይም በአጭር መልእክት የደረሰውን ኮድ ይሰጣል። ገንዘቡ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በመዝገብ ላይም ክፍያው በባለቤቱ ፈቃድ የተፈጸመ መስሎ ይቀመጣል። ይህ ማጭበርበር ፊሺንግ ይባላል፤ በአማርኛም «ማስገር» የሚል ስም ወጥቶለታል። ስሙ ይስማማዋል። አስጋሪው መረቡን ለብዙ ሺህ ሰው ይጥላል፤ ከሺው አንዱ ቢያዝለት ይበቃዋል።

ቃሉ የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። በዚያን ጊዜ አጭበርባሪዎች የ«አሜሪካ ኦንላይን» የኢንተርኔት ድርጅት ሠራተኛ መስለው «ሒሳብዎን ለማረጋገጥ» እያሉ ከደንበኞች የይለፍ ቃል ይቀበሉ ነበር። ድርጅቱ በመልእክት መስኮቱ ላይ ከሠራተኞቹ መካከል የይለፍ ቃል የሚጠይቅ እንደሌለ የሚገልጽ ማሳሰቢያ እስከማኖር ደረሰ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ጥቃቱ ወደ ኢቤይና ፔይፓል ደንበኞች ዞረ፤ የኦንላይን ገበያ በሰፋበት አገር ሁሉም ተከትሎ ገባ። ዛሬ የኢትዮጵያ ባንኮች የሚያስተላልፉት ማሳሰቢያ ከዚያኛው ጋር አንድ ነው፦ ባንክ ደውሎ የሚስጥር ቁጥር አይጠይቅም። ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ማሳሰቢያው አለመለወጡ፣ ሌባው የሚገባበት በር ከመሣሪያው ይልቅ የሰው ችኮላና ለትልቅ ስም ያለው አክብሮት መሆኑን ያሳያል።

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች፣ በደጀን፣ በሉማሜ፣ በአማኑኤል፣ በቢቸና፣ በሞጣ፣ የኦንላይን ግዢ መልኩ ከውጭው ዓለም ይለያል። በክሬዲት ካርድ የሚገዛ ሰው እምብዛም የለም። ግዢው በአብዛኛው በቴሌግራም ቻናል ይካሄዳል። የጫማው ወይም የስልኩ ፎቶ ይለጠፋል፤ ገዢው በውስጥ መስመር ይጽፋል፤ ዋጋ ይቆረጣል፤ ብሩ በንግድ ባንክ ወይም በቴሌብር ይላካል፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ ተጭኖ፣ የአባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መናኸሪያ ይደርሳል። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ ኢትዮ ቴሌኮም የተጠቃሚዎቹ ቁጥር ከ50 ሚሊዮን ማለፉን አስታውቋል። ሲቢኢ ብር ከእርሱ ቀድሞ የነበረ ነው፤ የሳፋሪኮም ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ተከተለ። ስለዚህ የአንድ ሰው የግዢ አካውንት እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነው፤ ሲም ካርድ፣ ጂሜይል፣ ቴሌግራም፣ የሞባይል ባንክ። አንዱ ቀለበት ሲከፈት ሌሎቹም ይላላሉ፤ ሌባም የሚፈልገው የሳሳውን ቀለበት ነው።

ከሁሉ የሳሳው ኢሜይል ነው። አዲስ ስማርት ስልክ የገዛ ሰው ፕሌይ ስቶር እንዲሠራለት ጂሜይል ያስፈልገዋል፤ ብዙ ጊዜም የሚከፍትለት ስልክ ቤት ያለው ልጅ ነው። ልጁ ስም ይጠይቃል፤ የልደት ቀን በግምት ይሞላል፤ ፓስወርዱን ራሱ ይፈጥራል፤ ሰው ስለሚበዛበትም ለቀደመው ደንበኛ ያወጣውን ሊደግመው ይችላል። ባለስልኩ ቴሌግራሙና ዩቲዩቡ ከሠራለት ሌላ አይጠይቅም። ከስድስት ወር በኋላ «ኢሜይልህ ማን ነው?» ቢባል የማይመልስ፣ ፓስወርዱንም አንድ ቀን እንኳ ሰምቶት የማያውቅ ሰው ጥቂት አይደለም። በልጁ ላይ ክፋት የለም፤ ደንበኛውን መርዳቱ ነው። ይሁን እንጂ ኢሜይል ከቁልፎች ሁሉ በላይ ያለ ቁልፍ ነው። «የይለፍ ቃሌን ረስቻለሁ» ለሚል ሰው መደብሩ አዲስ መክፈቻ የሚልከው ወደ ኢሜይሉ ነው። ኢሜይሉ በእጁ የገባ ሌባ የግዢ አካውንቱን፣ የፌስቡክ ገጹን፣ በጉግል የተቀመጠውን ፎቶና የስልክ ማውጫ ሁሉ አብሮ ያገኛል። ባለቤቱ የማያውቀውን ኢሜይል ደግሞ ሊጠብቀው አይችልም። ጥበቃው ሐሰተኛው መልእክት ከመምጣቱ አስቀድሞ፣ ኢሜይሉን የራስ በማድረግ ይጀምራል።

ሐሰተኛ ኢሜይል በቅርብ ሲመረመር ስፌቱ ይታያል። «ውድ ደንበኛችን፣ ባልታወቀ ስልክ ወደ አካውንትዎ ተገብቷል። በ24 ሰዓት ውስጥ ካላረጋገጡ አካውንትዎ ይዘጋል። ለማረጋገጥ እዚህ ይጫኑ» የሚለው የተለመደ ዓይነት ነው። «ውድ ደንበኛችን» የሚለው ላኪው የተቀባዩን ስም ስለማያውቅ ነው፤ ስም ጠርቶ የሚጽፍም ሌባ እንዳለ ግን መዘንጋት የለበትም። «ባልታወቀ ስልክ» የሚለው ያስደነግጣል። «በ24 ሰዓት» የሚለው ማማከሪያ ጊዜ ይነሳል፤ ሰውዬው ልጁን ወይም ጎረቤቱን ሳይጠይቅ እንዲወስን ያጣድፈዋል። «እዚህ ይጫኑ» የሚለው ሊንክ ሌባው ወደ ሠራው በር ያደርሰዋል። የገጹ ቀለም፣ አርማው፣ የፊደሉ ቅርጽ ከእውነተኛው አይለይም፤ መገልበጡ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የሚለየው አድራሻው ብቻ ነው።

የድረ ገጽ አድራሻ ባለቤት የሚገኘው ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከሚጠቀምባቸው አድራሻዎች አንዱ «ሲቢኢ ነጥብ ኮም ነጥብ ኢቲ» ይላል። «ኢቲ» የአገሪቱ መለያ ነው፤ «ኮም» የንግድ ተቋምን ያመለክታል፤ ከእነዚህ ቀድሞ ያለው «ሲቢኢ» ባለቤቱ ነው። አጭበርባሪ «ሲቢኢ ነጥብ ሽልማት ነጥብ ኮም» ብሎ ቢጽፍ የገጹ ባለቤት «ሽልማት» የሚል ስም ያስመዘገበ ሰው ነው፤ የባንኩ ስም ለማታለያ ከፊት ተለጥፏል። ከአድራሻው ቀጥሎ በእዝባር ተለይቶ የሚመጣው ጽሑፍም ባለቤቱን አይነግርም። አድራሻው በላቲን መጻፉ ለአማርኛ አንባቢ ሌላ ችግር ይጨምራል። «ጸ» በ«ጰ» ቢተካ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ወዲያው ያየዋል። ትንሿ «ኤል» በ1 ቁጥር፣ «ኦ» በዜሮ ሲተኩ፣ «አር» እና «ኤን» ተጠጋግተው «ኤም» ሲመስሉ ግን ዓይን ሳያስተውል ያልፋል። ሐሰተኛ መልእክት ቀድሞ በተሰባበረ አማርኛው ይታወቅ ነበር፤ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች አማርኛቸውን እያቀኑ በመጡ ቁጥር በዚያ ምልክት መመካት አደገኛ እየሆነ ነው።

በእነዚህ የጎጃም ከተሞች ከኢሜይል ይልቅ የሚዘወተረው በአጭር መልእክትና በስልክ ጥሪ የሚመጣው ማጭበርበር ነው። ሥሩ ግን አንድ ነው። «ሽልማት ደርሶዎታል፤ ለማስፈጸሚያ የሞባይል ካርድ ይላኩ» የሚለው የቆየ ስልት ነው። ሌላው ከ09 ወይም ከ07 ከሚጀምር ተራ ቁጥር የባንክን አጻጻፍ አስመስሎ «ብር ገብቷል» የሚል መልእክት ይልክና፣ ወዲያው ደውሎ «በስህተት ነው የላክሁብህ፣ ልጄ ታሞብኝ ነው፣ እባክህ መልስልኝ» ይላል። ቀሪ ሒሳቡን ሳያይ የሚመልስ ደግ ሰው የሚመልሰው የራሱን ገንዘብ ነው። ሦስተኛው በትሕትና የሚመጣ ነው፦ «እማማ፣ ከባንክ ነው የምንደውለው፤ ሲስተም እያስተካከልን ነው፤ አሁን የሚደርስዎትን ቁጥር ያንብቡልን»። ያ ቁጥር የአንድ ጊዜ የሚስጥር ኮድ ነው፤ በሌባው ስልክ ላይ የእማማን አካውንት የሚከፍተው እርሱ ነው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ቀድሞ በተሰረቀ የወዳጅ አካውንት «ልጄ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጡልኝ» የሚል ሊንክ ይመጣል፤ የተጫነው ሰው ስልክ ቁጥሩንና ባለ5 አኃዝ የመግቢያ ኮዱን ሲጽፍ የእርሱም አካውንት ይወሰዳል፤ በማግስቱ በእርሱ ስም ለዘመድ ሁሉ «ብር አበድረኝ» ይጻፋል።

ለማያውቀው ሰው ማንም ማንንም ነኝ ሊል ይችላል። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚባለው ለዚህ ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ ነጋዴና ደንበኛ ይተዋወቃሉ፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል፤ የሚያጭበረብር ሰው ነገ በገበያ ይታያል። በቴሌግራም የሚሸጠውን ሰው ግን የሚያውቀው የለም፤ ያለው የቻናሉ ስምና የተከታዮቹ ቁጥር ነው፤ የተከታይ ቁጥር ደግሞ በገንዘብ ይገዛል። ችግሩን ያባባሰ ሌላ ነገርም ነበር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በዚህ ጊዜ ስልክ ላይ ያሉ መተግበሪያዎች ሳይታደሱ ከረሙ፤ የመጣን መልእክት እውነት ይሁን ሐሰት ድረ ገጽ ገብቶ ማጣራትም አልተቻለም።

የሚጠቃው ገዢ ብቻ አይደለም፤ ሻጭም እኩል ይጠቃል። በገበያ ቀን አንድ ነጋዴ አምስት ኩንታል ጤፍ ሸጠ እንበል። ገዢው ስልኩን ዘርግቶ ደረሰኝ ያሳያል፤ የባንኩ አርማ አለ፣ የነጋዴው ስም አለ፣ «ኤፍቲ» ብሎ የሚጀምር የዝውውር ቁጥር አለ። ጭነቱ ተጭኖ አልቋል፤ ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል፤ ነጋዴው ስልኩን ከጋቢው ሥር አውጥቶ ለማየት ያመነታል። ያ ደረሰኝ በስልክ ላይ ባለ የፎቶ ማስተካከያ የተሠራ፣ ወይም ባለፈው ሳምንት ከተላከ እውነተኛ ደረሰኝ ላይ ቀንና መጠኑ ብቻ የተቀየረ ሊሆን ይችላል። በገዢው ስልክ ላይ የሚታይ ነገር ሁሉ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ማስረጃው የሻጩ ቀሪ ሒሳብ ነው፤ እርሱን ለማየት ኢንተርኔት አያስፈልግም። ለቴሌብር *127#፣ ለንግድ ባንክ *889#፣ ለሲቢኢ ብር *847# ደውሎ ሒሳቡን ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ጭነቱ ያን አንድ ደቂቃ መጠበቅ አለበት፤ የማይጠብቅ ገዢ ካለ ራሱ ምልክት ነው።

ውጭ አገር ያሉ የአካባቢው ተወላጆችን የሚያገኛቸው ማጭበርበር ወደ ዋናው የኢሜይል ዓይነት ይቀርባል። አማዞን ላይ አካውንት አላቸው፤ የባንክ ካርዳቸው እዚያው ተመዝግቧል፤ ለቤተሰብ የሚላክ ስልክና ጫማ በዚያ ይገዛል። የሚደርሳቸው ሐሰተኛ መልእክት «ያላዘዙት የ900 ዶላር ዕቃ ተልኳል፤ ለመሰረዝ ይደውሉ» ወይም «ዕቃዎ በአድራሻ ስህተት ተይዟል፤ ጥቂት ሳንቲም ይክፈሉ» የሚል ነው። የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ሰው ራሱ ክትትል ካልጠየቀ በቀር እንዲህ ያለ ሊንክ እንደማይልክ ደጋግሞ አስታውቋል። የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከ12.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ ተመዝግቦለታል። ሀብታምና የተማረ አገርም ከዚህ አልዳነም፤ በጎጃም አንድ ሰው ቢታለል በአላዋቂነቱ መሳቅ ተገቢ አይደለም፤ የተሳቀበት ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሲታለል ለማንም አይናገርምና።

ጥበቃውን በተመለከተ ብዙ ምክር ይሰጣል፤ አብዛኛው ግን በአንድ ሐሳብ ውስጥ ይጠቃለላል፦ መልእክቱ ባመጣው መንገድ አለመሄድ። አካውንት ይዘጋል የሚል ኢሜይል ሲመጣ ሊንኩን ትቶ መተግበሪያውን በራስ እጅ መክፈት ነው፤ እውነት ከሆነ ማስጠንቀቂያው እዚያም ይገኛል። ከባንክ ነኝ የሚል ሲደውል ስልኩን ዘግቶ በ951 ራስ መደወል፣ ወይም ቅርንጫፉ ድረስ መሄድ ነው። ወዳጅ በቴሌግራም ብር ሲጠይቅ ድምፁን በስልክ መስማት ነው። ይህ ልማድ የገባው ሰው የሐሰተኛውን አድራሻ ፊደል ለይቶ ማንበብ ባይችል እንኳ አይያዝም፤ የፊደል ምርመራው ጠቃሚ ቢሆንም ሁለተኛ መከላከያ ነው። ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አባቶችም ሊይዙት የሚችሉት ልማድ በመሆኑ ከሌላው ምክር ሁሉ ይበልጣል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ሰንሰለቱን ማጥበቅ ነው። ጂሜይሉን በስልክ ቤት ያስከፈተ ሰው ፓስወርዱን ራሱ መቀየር፣ የማገገሚያ ስልክ ቁጥሩ የራሱ መሆኑን ማየት፣ «የገቡ መሣሪያዎች» በሚለው ዝርዝር ውስጥ የማያውቀው ስልክ ካለ ማስወጣት አለበት። የኢሜይሉ ፓስወርድ ከሌላ አካውንት ፓስወርድ ጋር አንድ መሆን የለበትም፤ ወረቀት ላይ ጽፎ ከቤት ሰነድ ጋር ማስቀመጥ ለብዙ ቤተሰብ በቂና ተገቢ ዘዴ ነው። ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ በጂሜይልም በቴሌግራምም ይገኛል፤ በቴሌግራም ሲበራ ሌባው የመግቢያ ኮዱን ቢያገኝ እንኳ ሁለተኛው ፓስወርድ ያስቆመዋል። የቴሌብር ሚስጥር ቁጥር ባለ6 አኃዝ ነው፤ የልደት ቀንን ወይም 123456ን ማድረግ በርን ገርበብ አድርጎ መተኛት ነው። ለኦንላይን ግዢ ብቻ የሚሆን፣ ጥቂት ብር የሚቀመጥበት የተለየ ሒሳብ መያዝም የጉዳቱን መጠን ይወስነዋል። እነዚህ ሁሉ አንድ ከሰዓት በኋላ የሚጨርሳቸው ሥራዎች ናቸው።

ከሰው እጅ ውጭ የሆነ ጥበቃም አለ። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ደብረ ማርቆስን መቀመጫቸው ባደረጉበት ዘመን ደብዳቤ የሚታመነው በማኅተሙና በመልእክተኛው ነበር። ኢሜይልም ዛሬ የማይታይ ማኅተም አለው፤ ላኪው ድርጅት ደብዳቤውን በቁጥር ማኅተም ያትማል፣ ተቀባዩ ጂሜይል ያጣራዋል፣ ማኅተሙ ያልገጠመው ብዙውን ጊዜ ወደ አይፈለጌ መልእክት ሳጥን ይወረወራል። ጉግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ በብዛት በሚልኩ ድርጅቶች ሁሉ ላይ ይህን ማኅተም ግዴታ አድርገዋል። አጭር መልእክት ግን እንዲህ ያለ ማኅተም የለውም። ስልክ መልእክቶችን የሚያሰልፈው በላኪው ስም ስለሆነ፣ ሐሰተኛው የባንኩን ስም መዋስ ከቻለ መልእክቱ ከእውነተኞቹ ተርታ ይሰለፋል። ለዚህ ነው አንድ ሰው በኢሜይሉ ማጣሪያ ተማምኖ በአጭር መልእክቱም መዘናጋት የሌለበት። ባንኮችና ድርጅቶች ራሳቸው ሊንክ ያለበት አጭር መልእክት ለማስታወቂያ ሲልኩ ደግሞ ሕዝቡን ሊንክ መጫን ያስለምዱታል። ይህ ስህተት ነው፤ ማሳሰቢያቸውንም ያከሽፈዋል።

ሕጉ ጉዳዩን አልዘነጋውም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አሳሳች የኮምፒውተር ዳታ በማሰራጨት ወይም ማንነትን አሳስቶ በማቅረብ ሰውን መብቱን የሚጎዳ ድርጊት እንዲፈጽም ማድረግን ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራትና ከ50 ሺህ ብር በማይበልጥ መቀጮ ይቀጣል። የሌላ ሰውን ኤሌክትሮኒክ ማንነት መስረቅም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። አዋጁ አገልግሎት ሰጪዎች የኮምፒውተር ትራፊክ ዳታን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል፤ ከዚያ ያለፈ አቤቱታ ዱካው ሊጠፋበት ይችላል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ተከትለው ወጥተዋል። ወረቀቱ አለ፤ በተግባር ግን በዞን ከተማ ላለ ሰው የጥቂት ሺህ ብር ክስ ተከታትሎ መጨረስ ከባድ ስለሆነ ብዙው ሰው ለፖሊስ ሳያመለክት ይቀራል።

ገንዘብ ከወጣ በኋላ የሚወስነው የደቂቃዎች ፍጥነት ነው። ሌባው ብሩን ከተቀባዩ ሒሳብ ካወጣው ባንክ የሚያግደው ነገር አይኖርም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥሪ ለባንኩ ነው፤ ለንግድ ባንክ 951፣ ለቴሌብር 127። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ካርዱ ከተሰረቀ ወይም በድንገት መስመር ካጣ ወደ 994 ደውሎ ማዘጋት ይገባል። ቀጥሎ የኢሜይሉን ፓስወርድ መቀየር፣ ከዚያም ለዘመድ ወዳጅ «በስሜ ብር የሚጠይቅ ቢመጣ እኔ አይደለሁም» ብሎ ማሳወቅ ነው። መልእክቱን በንዴት መሰረዝ ማስረጃ ማጥፋት ነው፤ የላኪው ቁጥር፣ ሰዓቱና የዝውውር ቁጥሩ በስክሪንሾት ተይዞ ለፖሊስ መቅረብ አለበት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በትንሽ ድካም ብዙ ሰው ሊያድን የሚችለው በየስልክ ቤቱ ያለው ልጅ ነው። ለደንበኛው ጂሜይል ሲከፍት ስልኩን ለባለቤቱ አዙሮ ፓስወርዱን ራሱ እንዲጽፍ ያድርገው፤ የማገገሚያ ቁጥሩን የባለቤቱን ያስገባ፤ ኢሜይሉን በወረቀት ጽፎ ይስጠው። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም።